ልብስ ሰፊው አልተሳሳተም፦ ስለ «መኪና» ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «መኪና» ስለሚለው ቃል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። እኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። መኪና ሮማውያን ለሠረገላቸው ያወጡት የላቲን ስም ነው። ጣሊያኖች ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ በአፍ ሲወራረሱት ኖረዋል። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ሁሉ፣ ጣሊያንኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ ስፓኒሹ፣ ፖርቹጋልኛው፣ ሮማንያኛው፣ ዛሬም ለተሽከርካሪ ብቻ ይጠቀሙበታል። እኛ ግን ስላልገባን «የስፌት መኪና»፣ «የጽሕፈት መኪና» እያልን አበላሸነው። ማኪያቶ፣ በሜክሲኮ ድንበር ያሉት የማኪላ ፋብሪካዎች፣ መኪና ማለት የሆነው የእብራይስጡ መኾኒት፣ ሁሉም የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። በመጨረሻም፣ ቃሉ በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጦር ጋር የገባ ስለሆነ እንጣለው፤ በምትኩ «ማሽን» እና «ተሽከርካሪ» እንበል።

ጸሐፊው ለቋንቋ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ይህን አከብራለሁ። ግን ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ልክ አይደሉም። የስፌት መኪናው አንቀጽ ደግሞ ከስህተትም አልፎ ሰው ያስቀይማል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፔዳል ረግጠው ልጆች ያሳደጉ ልብስ ሰፊዎችን፣ በእጃቸው ያለውን ዕቃ ስም እንኳ እንደማያውቁ አድርጎ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ በተለይ ልክ የነበሩት እነሱ ሆነው ሳለ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ሮማውያን ለሠረገላቸው ያወጡት ስም ነው»

አይደለም። ቃሉ ሲጀመር የሮማውያን አልነበረም። ሠረገላ ማለትም አልነበረም።

ሥሩ ግሪክ ነው። የአቴና ሰዎች «ሜኻኔ» ይሉት ነበር። ዘዴ፣ መላ፣ ብልሃት ማለት ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ በብልሃት የተሠራ መሣሪያ። ዶሪክ በሚባለው የግሪክኛ ዘዬ ግን ቃሉ «ማኻና» ነበር። በደቡብ ጣሊያንና በሲሲሊ ከተማ ቆርቁረው ከኖሩት ግሪኮች ብዙዎቹ፣ የታራንቶና የሲራኩስ ሰዎችን ጨምሮ፣ ዶሪክ ተናጋሪዎች ነበሩ። ሮማውያን ቃሉን የወሰዱት ከነዚህ ጎረቤቶቻቸው ነው። የላቲኑ «ማኪና» በ«ሜ» ሳይሆን በ«ማ» የሚጀምረው ለዚህ ነው። መሐል ላይ ያለው «ኻ» ወደ «ኪ» መቅጠኑም ቃሉ ላቲን ውስጥ በጣም ቀድሞ እንደገባ ያሳያል፤ ምክንያቱም ጥንታዊው ላቲን በቃል መሐል የምትገኝን አጭር «አ» ወደ «ኢ» የመቀየር ልማድ ነበረው። የግሪኩ «ፓታኔ»፣ ማለትም ሳህን፣ በላቲን «ፓቲና» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

የአቴናው «ሜኻኔ» ደግሞ በሌላ በር ገባ። ከእሱ የወጣው «ሜኻኒኮስ» በላቲን «ሜካኒኩስ» ተባለ፤ ከዚያ ጣሊያንኛው «መካኒኮ»፣ ፈረንሳይኛው «ሜካኒክ»፣ የኛም «መካኒክ» መጣ። ስለዚህ መካኒክ መኪና ሲጠግን ስማቸው ከአንድ የግሪክ ቃል የተወለዱ ሁለት ነገሮች ተገናኙ ማለት ነው። አንዱ በዶሪክ፣ ሌላው በአቴና በኩል የመጣ። እኔ ከዚህ ቃል ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ደስ የሚለኝ የለም።

ወደ ሠረገላው ልመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሕንጻ ባለሙያ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንጻ ጥበብ 10 መጻሕፍት ጽፏል። አሥረኛው ስለ ማኪና ነው። ፍቺውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ከእንጨት ተገጣጥሞ የተሠራ፣ ከባድ ሸክም ለማንቀሳቀስ ትልቅ ኃይል ያለው ነገር። ከዚያ በሦስት ይከፍለዋል፤ ለመውጫ የሚሆን፣ በአየር ግፊት የሚሠራ፣ ሸክም የሚጎትት። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሠረገላን ይጠቅሳል፤ ግን የሚጠቅሰው ከወፍጮ፣ ከአንጥረኛ ወናፍ እና ዛሬ ብረት ሠራተኞቻችን ቶርኖ ከሚሉት መሣሪያ ጋር በአንድ ረድፍ ነው። ለዕለት ኑሮ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ምሳሌ አድርጎ። ጸሐፊው ምናልባት እዚህ ላይ ተሳስተው ይሆናል። ሠረገላ ከብዙ ማኪናዎች አንዱ ነበር እንጂ ማኪና ማለት ሠረገላ አልነበረም። ሮማውያን ለተሽከርካሪዎቻቸው በቂ ስም ነበራቸው፤ «ኩሩስ» አለ፣ «ሬዳ» አለ፣ «ፕላውስትሩም» አለ፣ ከጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ሰዎች የወሰዱት «ካሩስ» አለ። ይህ የመጨረሻው ነው ዛሬ በስፓኒሽና በፖርቹጋልኛ «ካሮ» የሆነው።

ማኪና በላቲን ሌላም ብዙ ነገር ነበር። ቅጥር መስበሪያ የጦር መሣሪያ። ግንበኛ የሚቆምበት ከፍ ያለ መወጣጫ። ባለቅኔው ሉክሬቲየስ ዓለምን በሙሉ «የዓለም ማኪና» ብሎታል። በግሪክ ቲያትር አምላክ ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ በገመድ ወደ መድረክ የሚያወርደው ማንሻም ስሙ ይኸው ነው። እና ደግሞ ተንኮል። «ማኪናሪ» የሚለው ግስ መሸረብ፣ ማሴር ማለት ነበር። የኛ «ዘዴ» ለጥሩውም ለክፉውም እንደሚሆነው ነው። ይህ ትርጉም እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ጣሊያንኛ «ማኪናሬ»፣ ስፓኒሽ «ማኪናር»፣ ፈረንሳይኛ «ማሺኔ» ሲሉ ሴራ መጎንጎን ማለታቸው ነው።

«ጣሊያኖች በአፍ ሲወራረሱት የኖሩት ቃል ነው»

ይህን ነጥብ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት። እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት፤ መልሱ ራሱ ድምፁ ውስጥ ስላለ።

ላቲን ውስጥ ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» በፊት የነበረ «ክ» በጣሊያንኛ አፍ ሲኖር «ች» ሆኗል። መቶ በላቲን «ኬንቱም» ነበር፤ ጣሊያንኛ «ቼንቶ» አለው። ጎረቤት «ዊኪኑስ» ነበር፤ «ቪቺኖ» ሆነ። በአፍ የተወረሰ ቃል ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እንግዲህ «ማኪና» ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ቢወረስ ኖሮ ምን መሆን ነበረበት? «ማቺና»።

እና አለ! ጣሊያንኛ «ማቺና» የሚል ቃል አለው። ትርጉሙ የወፍጮ ድንጋይ ነው። «ማቺናሬ» መፍጨት ነው። «ማቺኒኖ» ደግሞ የቡና መፍጫ። ከአውሮፓ በሌላው ጫፍ ሮማንያኛም «መቺና» የሚል ግስ አለው፤ እሱም መፍጨት ነው። ሕዝቡ በእውነት በአፉ ሲያወርሰው የኖረው ቃል ይህ ነው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ለአንድ ገበሬ በየቀኑ የሚያየው መሣሪያ ወፍጮ ነበር፤ የጦር መሣሪያውና የቲያትር ማንሻው እሱ ጋር አይደርሱም። ስለዚህ ሰፊው ቃል ወደ አንድ ነገር ጠበበ።

በ«ክ» የሚጠራው «ማኪና» ግን በኋላ የተማሩ ሰዎች ከላቲን መጻሕፍት መልሰው ያወጡት ነው። ቄሶች፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች። «ች» ሳይሆን የቀረው ለዚያ ነው። የፈረንሳይኛው «ማሺን»፣ የስፓኒሹና የፖርቹጋልኛው «ማኪና»ም እንዲሁ የመጽሐፍ ቃላት ናቸው። አንድ የላቲን ቃል በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለቴ ገባ፤ አንዴ በወፍጮ ቤት፣ አንዴ በቤተ መጻሕፍት። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጽሑፋቸው ምንኛ ባማረ ነበር።

«በሁሉም የላቲን ልጆች ዘንድ ትርጉሙ ተሽከርካሪ ብቻ ነው»

በአንዳቸውም ዘንድ «ብቻ» አይደለም። በአብዛኞቹ ደግሞ ጭራሽ ተሽከርካሪ ማለት አይደለም።

ከጣሊያንኛ እንጀምር። አዎ፣ ጣሊያን «ማኪና» ሲል መንገድ ላይ የምትሄደውን መኪና ማለቱ ነው። በዕለት ንግግር ከ«አውቶ» ጋር ሁለቱም ይሠራሉ። ግን ያው ጣሊያን የስፌቱን «ማኪና ዳ ኩቺሬ»፣ የጽሕፈቱን «ማኪና ዳ ስክሪቬሬ»፣ ፎቶ ማንሻውን «ማኪና ፎቶግራፊካ» ይላል። «ማኪኒስታ» ብሎ የሚጠራው የመኪና ሾፌር አይደለም፤ የባቡር ነጂ ነው።

ስፔን ውስጥ «ማኪና» ብለህ መኪና ብትጠይቅ አይገባቸውም። እነሱ «ኮቼ» ነው የሚሉት፤ እሱም ከላቲን ሳይሆን ከሃንጋሪ የመጣ ቃል ነው። ላቲን አሜሪካ ስትሄድ ባንዱ አገር «ካሮ»፣ በሌላው «አውቶ» ነው። ማኪና ማሽን ነው፤ ባቡር የሚጎትተው ሎኮሞቲቭም ማኪና ይባላል። አንድ ልዩ ቦታ ግን አለ፦ ኩባ። ኩባውያን መኪናን «ማኪና» ይላሉ። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ኩባ የተላኩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አሉና ከነሱ አንዱን መጠየቅ ይቻላል። እዚያ ሄዶ ከአገሩ ቃል ጋር መገናኘት ለአንድ ልጅ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ፖርቹጋልኛ፦ መኪና «ካሮ»፣ ማሽን «ማኪና»። አለቀ።

ፈረንሳይኛ መኪናን «ቯቲዩር» ይለዋል። ይህ ቃል «ወክቱራ» ከሚለው ሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ማጓጓዝ ማለት ነበር። «ማሺን» ማሽን ነው። ቃሉ ግን ፈረንሳዮች ዘንድ የሄደበት መንገድ ይገርማል። የፓሪስ አውቶቡስ ነጂ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር «ማሺኒስት» ነው፤ ቲያትር ቤት ውስጥ ደግሞ ማሺኒስት ማለት የመድረኩን ዕቃ የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ነው። ያ የግሪኮቹ ማንሻ በስም እስከ ዛሬ አለ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ «ማሻን» የምትል ቃል አለቻቸው። ስሙ የጠፋባቸውን ማንኛውንም ዕቃ «ማሻን» ይሉታል፤ ስሙ የጠፋባቸውን ሰውም እንዲሁ። በቀጥታ የኛ «እንትን» እና «እንትና» ናት። ቅጥር ለመስበር የተነሳ ቃል መጨረሻው እንትን ሆነ።

ሮማንያኛ ላይ ጸሐፊው በግማሽ ልክ ናቸው። ሮማንያውያን መኪናን «ማሺነ» ይላሉ። ግን ከጥንቱ ላቲን የወረሱት ሳይሆን በቅርቡ ዘመን ከፈረንሳይኛ የወሰዱት ነው፤ «ሽ»ዋ ትመሰክራለች። ያቺው ማሺነ ለስፌትም፣ ለጽሕፈትም፣ ለልብስ ማጠቢያም ትሆናለች። ከላቲን ቤት ውጭ እንኳ ሩስያውያን «ማሺና»፣ አልባንያውያን «ማኪነ» ብለው መኪናን ይጠራሉ፤ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ሰዎች ያውቁታል።

እንግዲህ ቆጥረን እንየው። ከአምስቱ ትልልቅ የላቲን ልጆች በሁለቱ ብቻ ቃሉ በተለምዶ መኪና ማለት ነው። በአምስቱም ግን፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ማለት ነው።

«የስፌት መኪና ማለት የኛ ስህተት ነው»

ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሳኝ ይህ ነው። ጸሐፊው «የማይሄድ ነገር እንዴት መኪና ይባላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰፊዎቻችን ጣሊያኖች መኪና ሲሉ ሰምተው፣ ትርጉሙን ሳያውቁ፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ላይ እንደለጠፉት አድርገው ያቀርባሉ።

እስቲ አምስቱን ቋንቋዎች ደርድረን እናንብባቸው። ጣሊያን፦ ማኪና ዳ ኩቺሬ። ስፔን፦ ማኪና ዴ ኮሴር። ፖርቹጋል፦ ማኪና ዴ ኮስቱራ። ፈረንሳይ፦ ማሺን አ ኩድር። ሮማንያ፦ ማሺነ ዴ ኩሱት። ሁሉም ቃል በቃል «የስፌት መኪና» ነው የሚሉት። የጽሕፈት መኪናም እንዲሁ ነው፤ በአምስቱም ቋንቋ ያው ቃል፣ ያው አሠራር። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው የመጡ እህቶቻችንም ይህን ያውቁታል፤ ዐረቦች መኪናን «ሰያራ» ብለው የስፌቱን ግን «ማኪናት ኺያጣ» ይላሉ። ታዲያ ልብስ ሰፊው የተሳሳተው ከማን አንጻር ነው?

ነገሩን ገልብጠን ብናየው ይሻላል። አዲሱ ትርጉም የመንገዱ መኪና ነው። አሮጌውና ሰፊው የስፌቱ ነው። ቪትሩቪየስ ዛሬ ተነስቶ አዲስ አበባ ቢመጣ አንድ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፔዳል ሲረግጥ፣ መሽከርከሪያው ሲዞር፣ መርፌዋ ስትወጣና ስትወርድ አይቶ ያለ ምንም ማመንታት ማኪና ይላት ነበር። የሰው ጉልበት በብልሃት ተለውጦ ሥራ ሲሠራ። የግሪኩም ቃል፣ የላቲኑም ቃል ማለት የፈለገው በትክክል ይህንን ነው። በአማርኛ ይህንን ሰፊ ትርጉም ጠብቀው ያቆዩልን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አይደሉም። ሰፊዎችና የቢሮ ጸሐፊዎች ናቸው። «በመኪና የተጻፈ ማመልከቻ» ሲባል የሰማ ሰው ማመልከቻው ጎማ ላይ ተጽፎ ነው ብሎ የተደናገረበት ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቤታችን ዕቃዎች የትኛው «መኪና»፣ የትኛው «ማሽን» እንደሚባል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የስፌትና የጽሕፈት ዕቃው መኪና ነው። የልብስ ማጠቢያው፣ የቡናው፣ የፎቶ ኮፒው ግን ማሽን ነው። ቀድመው የገቡት የጣሊያንኛውን ስም ይዘው ቀሩ፤ ዘግይተው የመጡት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በኩል ስለመጡ «ማሽን» ተባሉ። እንግዲህ ጸሐፊው «መኪናን ጥለን ማሽን እንበል» ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ አስቡት። ማሽንም እኮ ያው የላቲኑ ማኪና ነው፤ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ «ክ»ውን በ«ሽ» ለውጦ መጣ እንጂ። የሚጣለውም የሚተካውም አንድ ቃል ነው።

«ማኪያቶና ማኪላም ከዚሁ ቃል ናቸው»

ቶሎ ልለፈው። ማኪያቶ ከቡና ማሽኑ ጋር በስም አይገናኝም። «ማኪያ» ማለት ጠብታ፣ ነጠብጣብ፣ እድፍ ነው። ማኪያቶ ማለት ነጠብጣብ ያረፈበት፣ ጠቆር ያለው ቡና ላይ ወተት ጠብ የተደረገበት ነው። የመጣው «ማኩላ» ከሚለው ሌላ የላቲን ቃል ነው። ላቲን ላይ «ኩል» የነበረው ጣሊያንኛ ላይ «ኪ» መሆኑ የታወቀ ለውጥ ነው፤ ዓይን «ኦኩሉስ» ነበር፣ «ኦኪዮ» ሆነ። ያው ማኩላ በስፓኒሽ «ማንቻ» ሆነ፣ እሱም እድፍ ነው። ፈረንሳይኛ ላይ «ማይ» ሆነ፣ የመረብ ዓይን። ፖርቹጋልኛ ላይ ደግሞ «ማጉዋ» ሆኖ የልብ ሐዘን ማለት ሆነ። እድፍ፣ መረብ፣ ሐዘን፣ ቡና። ጸሐፊው የቃል ዘር ከወደዱ ይህኛው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ማኪላም ላቲን አይደለም፤ ዐረብኛ ነው። ስፔን ውስጥ ወፍጮ ቤቱ ለፈጨበት ከእህሉ ላይ ሰፍሮ የሚያስቀረው ድርሻ ነበር፤ መስፈር ከሚለው የዐረብኛ ግስ የመጣ። የሰው ጥሬ ዕቃ ተቀብለው ሠርተው የሚመልሱት የሜክሲኮ ፋብሪካዎች በዚህ ስም የተጠሩት ከዚያ ነው። ለነገሩ በድምፅ መመሳሰል መታለል አዲስ አይደለም። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የሴቪሊያው ጳጳስ ኢሲዶር የግንበኞችን ስም ከማኪና አምጥቶታል፤ ግድግዳው ሲረዝም መወጣጫ ላይ ስለሚቆሙ ነው ብሎ። ግንበኛ ማለት የሆነው የፈረንሳይኛው «ማሶን» የመጣው ከዚያ ስም ነው፤ የስሙ ሥር ግን ጀርመናዊ ሆኖ ተገኘ፣ መሥራት የሚል። ኢሲዶር በዘመኑ ትልቅ ሊቅ ነበር። እንኳን እኛ እሱም ተሳስቷል።

«የእብራይስጡ መኾኒት ከላቲን የተወረሰ ነው»

እዚህ ላይ ነገሩ ስስ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚሉት መኾኒት የተሠራው «መኾና» ከሚለው፣ ዛሬ ማሽን ማለት ከሆነው ቃል ነው። መኾና ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው። ቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 7ን አንብቡ፤ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ ስለተሠሩት አሥር የናስ መቀመጫዎች ይናገራል፤ እያንዳንዳቸው አራት አራት መንኰራኵር ነበራቸው። የመቀመጫው ስም በእብራይስጥ መኾና ነው። ሥሩ ሴማዊ ነው፤ የኛው የግዕዙ «ኮነ» እና «መካን» ዘመድ፤ መካነ መቃብር፣ መካነ ኢየሱስ ስንል የምንጠራው መካን።

ታዲያ እንዴት ማሽን ማለት ሆነ? በዘመናችን እብራይስጥን ያደሱ ሰዎች ለማሽን ቃል ሲፈልጉ በድምፅ ለአውሮፓው የሚቀርበውን የራሳቸውን ቃል መረጡ። ሰውነቱ የራሳቸው ነው፤ አዲሱን ትርጉም የሰጠው የአውሮፓው ቃል ነው። ስለዚህ «የተወረሰ» ማለት ልክ አይደለም፤ «ምንም ግንኙነት የለውም» ማለትም ልክ አይደለም። ይህን እዚህ በደንብ ያሰፈርኩት በሌላ በኩል ደግሞ «መኪና ከግዕዝ መካን ነው የወጣው፣ ጣሊያን ነው ከኛ የወሰደው» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ያም አይሆንም። የኛ መኪና ከጣሊያንኛ ነው። ፈረንሳይ ቢሆን «ሽ» ይሆን ነበር። ፖርቹጋሎችም «ክ» ይላሉ፤ ግን እነሱ የመጡት በአፄ ልብነ ድንግልና በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፤ ያኔ መኪና የሚባለው ዕቃ ራሱ የለም።

«በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጋር የገባ ነውና እንጣለው»

በመጀመሪያ መኪና የሚባለው ዕቃ ከወረራው ጋር አልገባም። አዲስ አበባ መኪና ያየችው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያመጣውም እንግሊዛዊ ነበር። ሾፌርና ጋራዥ የሚሉት ቃላት ፈረንሳይኛ መሆናቸውም የመኪና ነገር ለኛ በአንድ በር ብቻ እንዳልገባ ያሳያል። ጣሊያኖችም ቢሆኑ በ1928 ዓ.ም. ድንገት የተገኙ ጎረቤቶች አልነበሩም። ኤርትራን ቅኝ ግዛታችን ብለው ያወጁት በ1882 ዓ.ም. ነው። ቃል በጦር ሠራዊት ብቻ አይሄድም። በነጋዴ፣ በሠራተኛ፣ በሾፌር፣ በረዳት ይሄዳል።

የወረራው በደል ቀላል ነገር አይደለም። እሱን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። ግን ቃሉን ከፋሺስቶች ጋር አንድ አድርጎ ማየት ቃሉን ለነሱ መልሶ መስጠት ነው። ሙሶሊኒ ከመወለዱ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ቃል ነው።

ደግሞስ መኪናን ብቻ ጥለን የት እንቆማለን? ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬቻው፣ ኮፈኑ፣ ካንዴላው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። የጋራዥ ልጆቻችን እነዚህን ቃላት ተቀብለው፣ በአማርኛ ሰዋስው አስገብተው፣ አዲስ ሙያ ገንብተውባቸዋል። «ካንዴላዋን ፍታና አጽዳት» የሚለው አማርኛ ነው። ጣሊያን ቢሰማው አይገባውም።

«ተሽከርካሪ» ጥሩ ቃል ነው፤ ቦታም አለው። የትራፊክ ሕግ ላይ፣ ዜና ላይ፣ መድን ውል ላይ ያስፈልጋል። ግን ጋሪም ብስክሌትም ተሽከርካሪ ነው። እናት ልጇን «መኪና መጣ፣ ዘወር በል!» ስትል ተሽከርካሪ እንድትል መጠበቅ አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አስተካክለው እንደገና ለማውጣት ካሰቡ የሠረገላውንና የማኪያቶውን ነገር ማረም ቀላል ነው፤ የመኾኒቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል ይቻላል። የስፌት መኪናውን አንቀጽ ግን ሙሉ በሙሉ ቢያወጡት ነው የሚሻለው።